የሽማግሌ ወረቀት ፍርድ ቤት ያስኬዳል ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከአብሮ አደጌ ጋር አንድ አይሱዙ ገዛን። እኔ 450 ሺህ ብር አዋጣሁ፣ የቀረውን እሱ ሞላ። ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ። ወንድማማች ነን ብለን የሽርክና ውል አልጻፍንም። መጀመሪያ ላይ ከገቢው ያካፍለኝ ነበር፣ በኋላ ቀረ። ስጠይቀው ‹የሰጠኸኝ ብድር ነው እንጂ መኪናው ላይ ድርሻ የለህም› አለኝ። ከሰስኩት።

ክሱ በቀጠሮ ላይ እያለ ሽማግሌዎች ገቡ። መኪናው ለእሱ እንዲቀር፣ ለእኔ ደግሞ 900 ሺህ ብር በሦስት ጊዜ እንዲከፍለኝ ተስማማን። መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30 እና መጋቢት 30፣ በየጊዜው 300 ሺህ። እኔም ‹ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም› ብዬ ፈረምኩ። እሱም ፈረመ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ። ‹በል እንግዲህ ክሱን አንሳ› ሲሉኝ በማግሥቱ ሄጄ አነሳሁ።

የመስከረሙን በባንክ አስገባልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ብር አላየሁም፤ መጋቢትም አለፈ። ስደውልለት ‹ያ የሽማግሌ ወረቀት ነው። ማኅተም የለው፣ ውልና ማስረጃ አልሄደ፣ ፍርድ ቤት አያውቀው። ደግሞ በይሉኝታ ነው የፈረምኩት› ይለኛል። መኪናው ዛሬ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ያወጣል። እሱ እርቁን ካፈረሰ እኔም ግማሹን፣ 1 ሚሊዮን 400 ሺሁን ልጠይቅ? ባለቤቱ ታማ ሳለች ያበደርኩት 60 ሺህ ብርም አለ፤ እሱስ ቀረ ማለት ነው? አንድ ዘመዴ ‹በእምነት ማጉደል አሳስረው› ይለኛል። እኔ ግን ሽማግሌዎቹን ፍርድ ቤት መጎተቱም ከብዶኛል። ዋናው ወረቀት ያለው ከሽማግሌዎቹ በአንዱ አባት ቤት ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደስ የሚልህን ልንገርህ። ወረቀትህ የጸና ውል ነው፤ ጓደኛህ ተሳስቷል። ደስ የማይልህ ደግሞ ይኸው፦ አንተም ተሳስተሃል። ወደ 1 ሚሊዮን 400 ሺሁ መመለስ የለም። የሁለታችሁ ስህተት ምንጩ አንድ ነው። እርቁን ሁለታችሁም እንደ ሽምግልና ወግ እንጂ እንደ ሕግ ነገር አላያችሁትም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ለእንዲህ ያለ ስምምነት ቦታ ሰጥቶታል። ቁጥር 3307ን ተመልከት። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከያዙት አቋም ትንሽ ትንሽ ለቀው፣ ያለውን ክርክር ለማቆም ወይም ሊመጣ ያለውን ለማስቀረት ቢስማሙ፣ ያ ራሱን የቻለ ውል ነው። እናንተ ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው። አንተ ‹ግማሹ መኪና የኔ ነው› ከሚለው ወረድክ። እሱ ‹ብድር ነው፣ ድርሻ የለህም› ከሚለው ወረደ። መሀል ላይ 900 ሺህ ብር ላይ ተገናኛችሁ።

ሽማግሌዎቹ አልፈረዱም። አቀራረቡ፣ አግባቡ፣ ጻፉ። የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «የሽማግሌ ወረቀት ነው» ሲልህ «የሽማግሌ አይደለም፣ ያንተ ነው፤ ፊርማህን እየው» በለው። በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው፤ ይህን የሚለው ቁጥር 1731 ነው። እርቅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይጠነክራል። ቁጥር 3312 እንዲህ ያለውን ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያየዋል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ይግባኝ የሌለው ፍርድ የሚያስረው እሱን ብቻ አይደለም። ‹መኪናው ሽርክና ነበር ወይስ ብድር?› የሚለው ጥያቄ ተዘግቷል። እሱ ‹ድርሻ አልነበረህም፣ አልከፍልም› ማለት እንደማይችል ሁሉ፣ አንተም ‹ድርሻዬ ግማሽ ነው› ብለህ አትመለስም። አንተ አሁን የመኪና ባለድርሻ አይደለህም። የ600 ሺህ ብር ባለገንዘብ ነህ።

በእርግጥ ወረቀታችሁ ላይ «አንዱን ክፍያ ካሳለፈ እርቁ ይፈርሳል፣ ከሳሽም ወደ ቀድሞ ጥያቄው ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢኖር ነገሩ ሌላ ነበር። እንደነገርከኝ የለም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፦ ቢኖርስ ትጠቀምበት ነበር? የሽርክና ውል የለህም። ሊብሬው የእሱ ነው። ገቢው ስንት እንደነበር ሒሳብ የያዘ ሰው የለም። ያኔ 900 ሺህ የተቀበልከው እነዚህን ሁሉ አስልተህ ነው። መኪናው ዛሬ ስለተወደደ ብቻ ያን ስሌት አትርሳው።

ሌላም ነገር አለ። ክሱን አንስተሃል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ላይ፣ እንደገና ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ሳያስፈቅድ ክሱን የተወ ሰው በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብ አይችልም። ያኔ የተሰጠህን ትእዛዝ ግልባጭ አውጥተህ አንብበው። ያም ሆነ ይህ አሁን የምትከስሰው በአሮጌው ጉዳይ ሳይሆን በእርቁ ውል ነው። እሱን የሚከለክልህ የለም።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክንያቶች እንሂድ። ማኅተም የለውም አለ። ማኅተም የግል ሰው ውል መስፈርት ሆኖ አያውቅም። እኛ አገር ክብ ነገር ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይመስለንም፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል እንደተስማሙ ይጸናል። በጽሑፍ ይሁን በተባለበት ቦታ እንኳ የሚፈለገው የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክር ፊርማ ነው። እናንተ ሦስት አላችሁ።

ውልና ማስረጃ አልሄደም አለ። መሄድ ያለበት ምን ሲሆን ነው? እርቁ የሚነካው ነገር ራሱ የተለየ ፎርም ሲጠይቅ ነው። እርቁ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር ቢሆን ቁጥር 1723 ይመጣ ነበር፤ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ ግድ ይል ነበር። መኪናው ወደ አንተ የሚዞር ቢሆንም ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ፣ ሊብሬም አዙራችሁ ነበር። የእናንተ ግን መኪናው በነበረበት ስም ቀረ፣ ገንዘብ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ለዚህ ፊርማችሁ ይበቃል።

በይሉኝታ ፈረምኩ አለ። ይህን ሰበብ በየችሎቱ ሰምቼዋለሁ። እውነት ነው፣ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አንዱ ‹በኔ ሽበት› ብሎ ሲለምን እምቢ ማለት ይከብዳል። ሕጉ ግን ውልን የሚያፈርሰው ሰውየውን፣ ቤተሰቡን፣ ክብሩን ወይም ንብረቱን ከባድና የቀረበ አደጋ ላይ በሚጥል ዛቻ ሲፈረም ነው። ወላጅን ወይም አለቃን በማክበር ፍርሃት የተፈረመ ውል እንኳ በዚያ ብቻ አይፈርስም። ምናልባት የተፈራው ሰው ያን ፍርሃት ተጠቅሞ ከልክ ያለፈ ጥቅም ቢወስድ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ነገር ምን ወሰዱ? ምናልባት አንድ ሻይ።

‹ክስ ስላስፈራኝ ነው› ቢልም ያው ነው። ‹መብቴን በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ› ማለት በራሱ ዛቻ አይባልም፤ ያንን ይዞ የማይገባ ጥቅም ካልተፈለገበት በቀር።

ነገ ደግሞ ‹ሒሳቡን ተሳስቼ ነው፣ ያን ያህል ድርሻ አልነበረህም› ሊል ይችላል። ተዘጋጅተህ ጠብቀው። ቁጥር 3312 ይህንንም ዘግቶታል። በታረቁበት መብት ላይ ተሳስቼ ነበር ማለት እርቅን አያፈርስም። አለበለዚያ የትኛው እርቅ ይቆማል? ሰው የሚታረቀው ማን ትክክል እንደሆነ እርግጠኛ መሆን ሲያቅተው አይደል? እርቁ የቆመው በሐሰተኛ ሰነድ ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የእናንተ ታሪክ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የመስከረሙን 300 ሺህ ከፍሏል። በማይጸና ወረቀት 300 ሺህ ብር የሚከፍል ሰው አላውቅም። የባንኩን ስሊፕ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅ። ውሉ በፈቃድ ጉድለት ይፍረስልኝ የሚል ሰውም ችግሩ ከተወገደለት በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ስልክ ላይ ማኩረፍ ክስ አይደለም።

እሺ፣ ወረቀቱ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ይዘኸው ሄደህ ለምን አታስፈጽምም? ያንተ እውነተኛ ችግር እዚህ ነው፣ እና ልብህን ባይሰብረው ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ተሳስተሃል። ክሱን ያነሳህበት ቀን።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 እስከ 277 የሚናገረው ለእንዳንተ ዓይነት ሰው ነው። ክስ በሂደት ላይ እያለ ተከራካሪዎች ከታረቁ፣ ከፍርድ በፊት በማንኛውም ጊዜ ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ይችላሉ። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ፣ የታረቁበት ጉዳይ፣ ማን ምን መቼ እንደሚያደርግ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይገባል። ዳኛው ስምምነቱ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ ይመዘግበዋል፣ በዚያው መሠረት ትእዛዝ ይሰጥበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወረቀት ፍርድ ነው። ታኅሣሥ 30 ሲያልፍ አዲስ ክስ አያስፈልግም ነበር። የአፈጻጸም መዝገብ ከፍተህ ‹የፍርድ ባለዕዳው አልከፈለም› ትላለህ። ንብረት ይከበራል፣ ይሸጣል።

አንተ ግን ‹ታርቀናል፣ ስምምነታችን ይመዝገብልን› በማለት ፋንታ ‹ክሴን አንስቻለሁ› አልክ። በአማርኛ ሲሰሙት ብዙም የማይለያዩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በገንዘብና በጊዜ ሲመነዘሩ ግን ልዩነታቸው አዲስ ክስ፣ አዲስ የዳኝነት ክፍያ፣ ምናልባትም የወራት ቀጠሮ ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ አላሰቡም። በእኛ ወግ ክስ ማንሳት የእርቅ ምልክት ነው፤ ‹መዝገቡ ይቆይና ስምምነቱ ይግባበት› ማለት አለመተማመን ይመስላል። እኔ ራሴ በጥብቅና መጀመሪያ ዓመታት አንድ ደንበኛዬ ‹እንደ አቅሙ ይከፍላል› የሚል የእርቅ ወረቀት ፈርሞ፣ ክሱንም አንስቶ መጣልኝ። ቀን የለው፣ መጠን የለው። አቅሙ እስከዛሬ አልመጣም። ያንተ ከዚያ በብዙ ይሻላል።

ስለዚህ መንገድህ አንድ እርምጃ ይረዝማል። በእርቁ ውል መሠረት 600 ሺህ ብር እንዲከፍልህ አዲስ ክስ ታቀርባለህ። ጥሩው ነገር ክርክሩ ጠባብ ነው። ስለ አይሱዙው፣ ስለ 2009 ዓ.ም. መዋጮ፣ ስለ ገቢው አንድ ቃል ማንሳት አያስፈልግህም። አታንሳም። ጠበቃህም እንዳያነሳ። ውሉ ይኸው፣ ፊርማው ይኸው፣ ቀኑ አለፈ፣ አልከፈለም። በቃ። አሮጌውን ታሪክ በጎተትክ ቁጥር የተዘጋውን በር አንተው ትከፍትለታለህ።

መጠኑ የታወቀ፣ በውል ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ጥያቄ ስለሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 እና ተከታዮቹ መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይልህ ጠይቅ። ክስህን በቃለ መሐላ ደግፈህ ታቀርባለህ። በዚህ አካሄድ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ ለመከላከል ማስፈቀድ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ቁም ነገር ያለው ምክንያት ማሳየት አለበት። ‹ይሉኝታ ይዞኝ ነው› የሚለው እዚያ ምን ያህል እንደሚያስኬደው እናያለን።

ከክሱ በፊት ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላክለት። አጭር ይሁን። ‹በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት የታኅሣሥና የመጋቢት ክፍያ 600 ሺህ ብር በ15 ቀን ውስጥ እንድትከፍለኝ› በቂ ነው። ስድብ የለ፣ ‹አብሮ አደግ ነን› የለ። መቀበሉን የሚያሳይ ነገር ያዝ። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ገንዘብ አለበት። ባለዕዳ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ካልከፈለ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሕጋዊ ወለድ ይቆጠርበታል። ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ600 ሺህ ላይ 54 ሺህ ብር በዓመት። ዛሬ ነገ ባልክ ቁጥር የምታጣው ይህን ነው።

ሌላው የሚያሰጋኝ መኪናው ነው። ሊብሬው በእሱ ስም ነው፤ ነገ ቢሸጠው ማን ይከለክለዋል? ክስ ስታቀርብ ንብረቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ካለህ በቃለ መሐላ አስደግፈህ እግድ ጠይቅ። ደላላ ሲያሳይ የታየ እንደሆነ፣ ማስታወቂያ ያወጣ እንደሆነ አጣራ። በስጋት ብቻ እግድ አይገኝም። ከተፈቀደልህ ግን ትእዛዙ መኪናው ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ስም ማዞር ይቆማል።

ፍርድ ቤት ስትደርስ ወደ አስማሚ ልትመሩ ትችላላችሁ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን ዘርግቷል። አትበሳጭ፣ ‹ታርቀን ነበር እኮ› ብለህም አታኩርፍ። ምናልባት 600 ሺሁን በሁለት ወር ልክፈል ይል ይሆናል። ከተስማማህ ግን በዚህኛው ጊዜ ስምምነቱ በመዝገቡ ይግባ። አንዱ ቀን ካለፈ ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ እንደሚጠየቅ ይጻፍበት፤ መቀጫም ይኑረው። ዋስ ካገኘህ ደግሞ ዋሱም ይፈርም፤ ዋስትና በቃል አይጸናም።

የሽምግልናውን ነገር ጠበቃ ሲጽፍልህ አንድ ነገር ልብ በል። ስለ ዕርቅ አካሄድና ስለ አስታራቂ የሚናገሩት የድሮ የፍትሐ ብሔር አንቀጾች በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተተክተዋል። ስለ ስምምነቱ ራሱ የሚናገሩት፣ ከ3307 ጀምሮ ያሉት፣ በቦታቸው ናቸው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ማመልከቻ አይቻለሁ።

የ60 ሺሁ ብድር አልቀረም። እርቃችሁ ስለ መኪናው ነው። ‹ስለዚህ ጉዳይ ጥያቄ የለኝም› ያልከው መኪናውን ነው። መብትን የመተው ቃል ደግሞ በጠባቡ ነው የሚተረጎመው፤ ክርክር ካልተነሳበት ጉዳይ ላይ አይዘልም። ችግርህ ሌላ ነው፤ ማስረጃ አለህ? ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም በመሐላ ነው። በምስክር አይሆንም። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ምሳ ሒሳብ ነው፣ ሕጉ ግን እዚያው ቆሟል። የባንክ ዝውውር ብሩ መሄዱን እንጂ ብድር መሆኑን ብቻውን አይናገርም። ሰላም በሆናችሁ ቀን ‹60 ሺህ ተበድሬያለሁ› የምትል ሁለት መስመር ካስፈረምከው ጥሩ። ካልሆነ ከ600 ሺሁ ክስ ጋር አታጋጨው።

እምነት ማጉደሉን ተወው። በውል የገባውን ዕዳ አለመክፈል ብቻውን ወንጀል አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ የምታገኘው ‹ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው› የሚል መልስ ነው፤ ጓደኛህ ደግሞ ‹ዛተብኝ› የሚልበት ነገር ያገኛል።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ፣ ነውር የሠራው ማን እንደሆነ አስብ። ቃላቸውን የረገጠው እሱ ነው። መጥሪያ ከመላክህ በፊት ግን ቤታቸው ሄደህ ንገራቸው። ‹አባቶቼ፣ በእናንተ ፊት የፈረመውን አልፈጸመም፤ አንድ ጊዜ ጥሩልኝ፣ ካልሆነ ግን ወደ ሕግ መሄዴ ነው› በላቸው። ምናልባት ይጠሩትና ይከፍላል። ባይከፍል ከጀርባቸው የሄድክ አትሆንም። ፊርማውን ራሱ ካልካደ ደግሞ ለምስክርነት የሚጠሩበት ምክንያት የለም፤ ውሉ ራሱ ይናገራል። ቢክድ ነው ‹አዎ፣ ፊታችን ፈርሟል› የሚሉት።

ያን ቀን ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ዋናው ወረቀት በአንዱ አባት ቤት ነው ብለሃል። ጓደኛህም ያንን ያውቃል። ይህን እንዳነበብክ ሂድና ‹ዋናውን ስጡኝ፣ ለእናንተ ኮፒ ላስቀር› ብለህ ተቀበላቸው። ማስጠንቀቂያውን የምትልከው ወረቀቱ እጅህ ከገባ በኋላ ነው።